እትዬ ኛዳክና የስምንተኛ ክፍል ፈተና

ከፎቶ ኮፒ ማሽን ገና የወጣ ወረቀት ሽታ ያናድደኛል። ለሰው ስናገር ይስቁብኛል። ባለፈው ሳምንት አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ደጃፍ ተራ ይዤ ቆሜ ነበር። ልጅቷ ወረቀቱን አራግፋ እጄ ላይ ስታኖረው ሙቀቱ ተሰማኝ፤ ያ የተጠበሰ ቀለም ሽታም አፍንጫዬን መታኝ። ወዲያው ጁባ፣ ጉዴሌ ሰፈር፣ ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ተገኘሁ። ንዴቱም አብሮኝ ገባ። ይህን ሁሉ ዘመን የት ተደብቆ እንደኖረ እንጃ፣ ወጥቶ ሲመጣ ግን እንደዚያን ጊዜው ትኩስ ነበር።

ደቡብ ሱዳን ነፃ በወጣች ማግስት ነው። እናቴ ጉዴሌ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት፤ የምንኖረውም ከጀርባዋ ባለች ክፍል ሁለታችን ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ሰባተኛ ክፍልን ጨርሼ ነው የመጣሁት። አማራት በሚባለው የጁባ ሰፈር የሐበሻ ልጆች የሚማሩባቸው የግል ትምህርት ቤቶች ነበሩ፣ የእናቴ አቅም ግን እዚያ አያደርስም። ስለዚህ ከቤታችን በእግር የሚደረስበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ከተማሪው መካከል ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ትምህርት ቤቱ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። በበጋ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንቋቋል፣ ዝናብ ሲመጣ ጭቃው ጫማ ከእግር ይነጥቃል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የመምህሩ አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ እናያለን እንጂ ድምፁ አይሰማም። ያን ጊዜ ሁሉም ዝም ብሎ ይቀመጥና ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል። ለኔ ደስ የሚለኝ የትምህርት ሰዓት እሱ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ክፍል ስገባ ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር፣ አንዲት ትልቅ ሴት ተቀምጣለች። ረጅም፣ ጥቁር፣ ፊቷ የረጋ። የወላጅ ስብሰባ ያለ መሰለኝና አዲስ አበባ እንደለመድኩት ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ሴትዮዋ አልሳቀችም። ቀና ብዬ ሳያት እንደኔው ሰማያዊ ሸሚዝና ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ የደንብ ልብስ ነው። ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ ተናገረች።

«የሐበሻ ልጅ ነሽ አይደል? ነይ እዚህ ተቀመጪ። እኔም ተማሪ ነኝ።»

ስሟ ኛዳክ ነው፤ ኑዌር ናት። በልጅነቷ ከእናቷ ጋር በእግሯ ተጉዛ ጋምቤላ ገብታ፣ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ አደገች። በኋላም ጋምቤላ ከተማ አንድ የመምህር ቤት ሠርታለች፤ አማርኛውን የተማረችው እዚያ ነው። የመምህሩን ልጆች ደብተር እየያዘች ትምህርት ቤት ታደርሳቸው ነበር፣ እሷን ግን ማንም ግቢ አላላትም። አገሯ ነፃ ልትወጣ ስትል ልጆቿን ይዛ ጁባ መጣች። ባሏ ወታደር ነው፣ ያለውም ሩቅ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ ክሊኒክ ታጸዳለች፣ ከዚያ ደንብ ልብሷን ለብሳ ትመጣለች። ያን ቀሚስ ሱክ ጁባ ገበያ ውስጥ በልኳ የሰፋላት ሰው «ለልጅሽ ነው?» ብሎ ጠይቋት ነበር አሉ። «ለራሴ ነው፣ አስፋው» አለችው።

ስለሷ ለእናቴ ስነግራት «እትዬ ነው የምትያት፣ አንቱ ነው የምትያት፣ ሰማሽ?» አለችኝ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ አንቱ ብላት ኛዳክ አኮረፈች። አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን አንቱ ብትይኝ ልጆቹ ከኔ ይርቃሉ፣ ኡስታዙም፣ መምህራችን ማለቷ ነው፣ ያፍራል አለች። ተደራደርን፤ ክፍል ውስጥ አንቺ፣ እናቴ ፊት አንቱ። እዚህ የምጽፈው ስለ ክፍል ጓደኛዬ ነውና አንቺ ባልኳት ልማድ እቀጥላለሁ፤ እናቴ ትቆጣ።

ለምን ትማሪያለሽ ስላት የመለሰችልኝ አይረሳኝም። የምታጸዳበት ክሊኒክ አዋላጇ የውጭ አገር ሰው ናት። ከገጠር የመጡት ሴቶች ምጥ ላይ ሆነው የምትላቸው አይገባቸውም፤ ኛዳክ መወልወያዋን ጥላ እየሮጠች ታስተረጉማለች። የአዋላጅ ማሠልጠኛው የስምንተኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ያ ወረቀት ካለ ትገቢያለሽ፣ ከሌለ መወልወያሽን ያዢ ተብላለች። «ምጥ የያዛት ሴት የምትለውን በምትሰማ ሰው እጅ ትውለድ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ። ፍላጎቷ ይኸው ነበር፤ ለመፈተን ብቻ የሚያስፈልጋት ደግሞ ትምህርት ቤቱ ስሟን እንዲያስመዘግብላት ነው።

መምህራችን ኡስታዝ ላዶ ከኛዳክ በዕድሜ ያንሳል፤ እሷ ግን ሲገባ ከሁላችን ቀድማ ትቆማለች። በዓመቱ መጀመሪያ እንደሱ ያለ መምህር አይቼ አላውቅም ነበር። ግቢያችን መሐል ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። አንድ ቀን ገመድ አስይዞ አወጣንና ጥላውን ጠዋትና ቀትር ላይ አስለካን፤ ከዚያ ስለ ፀሐይ አስተማረን። ከሽንት ቤቱ ጀርባ ባሚያ አስተከለን። ዓርብ ዓርብ አንድ ተማሪ ተነስቶ የቤቱን ታሪክ በእንግሊዝኛ ይናገራል። እንግሊዝኛው ይሰበራል፣ ማንም አይስቅም፤ የሳቀ ውሃ ይቀዳል።

የኛዳክ ተራ የደረሰ ዓርብ ትዝ ይለኛል። ልጅ ሆና ወንዝ እንዴት እንደተሻገረች ነገረችን። መዋኘት አትችልም ነበር፤ እናቷ የላም ጭራ አስጨብጣ «እሷ ከለቀቀችሽ ብቻ ልቀቂ» አለቻት። ሁሉን ነገር አሁን ላይ እንዳለ አድርጋ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስታወራ ክፍሉ በሙሉ ወደፊት ተሳበ። ከካርቱም የተመለሱት፣ ከኡጋንዳ የመጡት፣ እዚሁ የተወለዱት፣ ሁሉም ወንዙ ውስጥ ገባን። ስትጨርስ ኡስታዝ ላዶ ጠመኔውን አነሳ። ከዚያ የተናገረችውን ቦርዱ ላይ ጽፎ፣ ግሦቹን ከራሷ አፍ እያወጣ አስተካከለ። ስላለፈ ጊዜ በእንግሊዝኛ መናገር የገባኝ ያን ቀን ነው፤ በኋላ ከገለበጥናቸው ወረቀቶች ሁሉ እንዲህ የገባኝ የለም።

ከዚያ ሙዲሩ ከስብሰባ ተመለሰ። ሙዲር የሚሉት ርዕሰ መምህሩን ነው። ስብሰባው ላይ የየትምህርት ቤቱ የፈተና ውጤት በሰው ፊት ተነቦ፣ የኛ ከመጨረሻዎቹ መካከል ሆኖ ኖሯል። ሰውየው እንዳፈረ ያስታውቃል። ጠዋት ሰልፍ ላይ እንደኛ ያለ ሰነፍ ተማሪ በአገሩ እንደሌለ ሲነግረን ግንባሩ ላይ ላቡ ይወርድ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መጽሐፉ አንድ ለብዙ ሰው ነው፣ መምህሩ ደመወዙ ይዘገያል፤ ይህን ለላኩት ሰዎች የመናገር ድፍረት አልነበረውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

በማግስቱ የባሚያው መደብ ቆመ። የዓርብ ታሪክ ቆመ፣ መዝሙርና ስፖርትም ቆሙ። በምትካቸው ከሱክ ጁባ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር የሚመጣ የወረቀት ክምር ተተካ፤ ገና ሳይበርድ ይደርሰናል፣ ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል። አሮጌ ፈተናዎች ናቸው። ጥያቄ፣ ከሥሩ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። ኡስታዝ ላዶ ቁጥሩን ይጠራል፣ እኛ በአንድ ድምፅ መልሱን እንጮኻለን። ጥያቄውን ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው ተባለ። ቁጥሩንና ፊደሉን በቃሌ ይዤ ምን እንደተጠየቅሁ የማላውቅበት ቀን ብዙ ነው፤ ጎበዝ የተባልኩትም ያኔ ነው።

ከወረቀቶቹ ገሚሱ ደግሞ የጎረቤት አገር ፈተናዎች ነበሩ። ማናችንም አይተነው ስለማናውቀው ባቡርና ወደብ እንጠየቃለን። አንድ ቀን «ዋናው ዝናብ በየትኛው ወር ይጀምራል?» የሚል መጣ። ከመልሶቹ ትክክል የተባለው ወር ገብቶ ሲወጣ እኛ አቧራ ስንበላ ነው የከረምነው። ኛዳክ እጇን አወጣች። «ኡስታዝ፣ ይሄ ዝናብ የየት አገር ዝናብ ነው?» ክፍሉ ሳቀ። ኡስታዝ ላዶ አልሳቀም፤ ወረቀቱ የሚለውን ክበቢ አላት። እሷ የምታውቀውን ወር ከበበችና ኤክስ አገኘች። እኔ ወረቀቱ የሚለውን ከበብኩና ራይት አገኘሁ።

ለዚህ ነው የምናደደው። እኔ አንድ ነገር አልበለጥኳትም። አዲስ አበባ ክበቢ ሲሉኝ መክበብ ለምጄ መጥቻለሁ፣ ያ ብቻ ነው ልዩነታችን። እሷ ግን ጥያቄ ሲቀርብላት ሰው የጠየቃት ይመስላታል። ትክክለኛውን መልስ ፈልጋ ትደክማለች፤ ከዚያ መልሷ ከአራቱ መሐል የለም።

በየሁለት ሳምንቱ ሙከራ ፈተና እንፈተንና እንደ ውጤታችን እንቀመጣለን። የበለጡት ከቦርዱ ሥር፣ ያነሱት ከኋላ። እኔ ወደፊት ስገፋ ኛዳክ ወደኋላ ቀረች። የኋላው ቦታ ሲጠብ ሙዲሩ የመጨረሻዎቹን ወደ ኒሙ ዛፍ አወጣቸው፤ ኡስታዝ ላዶ እኛን ከጨረሰ በኋላ እየሄደ ያስተምራቸዋል ተባለ። እኛን ግን ጨርሶ አያውቅም።

ልጅ ነኝና ቀናሁባቸው። እኛ በቆርቆሮው ሙቀት እየቀለጥን እነሱ ነፋስ ይበላሉ። ከኒሙ ሥር ተቀምጠው ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ ታናናሾቹ ጠጠር ይጫወታሉ። ሙዲሩ ለደከሙት እረፍት የሰጣቸው ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ወደሷ ሄጄ «ታድለሽ፣ እኔም እዚህ ልምጣ» አልኳት። ኛዳክ ጉልበቷ ላይ የተዘረጋውን ደብተር አሳየችኝ። ባዶ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የጻፈላት ሰው አልነበረም። «እዚህ አትምጪ» አለችኝ፤ «እዚህ የመጣ አይመለስም።» የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ሙዲሩ የክፍላችን በር ላይ ቆሞ ነገሩን አወጀ። ለፈተናው የሚመዘገቡት ውስጥ ያለነው ብቻ ነን። ዛፉ ሥር ያሉት ለሚቀጥለው ዓመት ይዘጋጃሉ። የፈተናው ወረቀት እጃቸው ሳይገባ ውጤታቸው ታወቀ፤ ትምህርት ቤቱ መቶ በመቶ እንዲያሳልፍ እነሱ ከቁጥር መውጣት ነበረባቸው። ኛዳክ ቢሮው ድረስ ሄዳ ስትለምነው፣ አንቺ እኮ እናት ነሽ፣ ምን ያስቸኩልሻል አላት። የሚቀጥለው ዓመት የትም አይሄድም አላት።

ይህን ቃል ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። የሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ላይ ጁባ ውስጥ ተኩስ ተከፈተ፣ ጉዴሌ ውስጥ ኑዌር የሆነ ሰው እየተለየ ተገደለ። እኔና እናቴ የለበስነውን ልብስ እንደለበስን በአውሮፕላን ወጣን። ኛዳክ ልጆቿን ይዛ የት እንደገባች እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም። ሙዲሩ ያን ጊዜ ይህን ሊያውቅ አይችልም፣ ልክ ነው። ግን የሌላን ሰው ዓመት እንዲህ እንደዋዛ የሚወስድ ሰው ምን እንደወሰደ አለማወቁ ለኔ ይቅርታ አይሆንም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ኛዳክ ሙዲሩ እምቢ ባላት ቀን ምግብ ቤታችን መጥታ ፋሱሊያዋን ሳትነካ ተቀመጠች። እናቴ ነገሩን ስትሰማ ሽሮውን አወረደችና እጇን በሽርጧ ጠረገች። ሙዲሩን መሳደብ ዋጋ የለውም፣ ሰው በሽማግሌ ተይዞ እምቢ አይልም አለች። «እሺ ይበልጣል ከሺ፤ እሺ እናሰኘዋለን።» ጁባ ያለን ሐበሻ ስንጣላ የምንታረቀው፣ ብድር የምናስተወው፣ ልጅ የምንድረው በሽማግሌ ነው። ፖሊስ ጣቢያ የሚሄድ የለም። እናቴ ያ ነገር ከጉዴሌ አጥር ውጪ ላይሠራ ይችላል ብላ ለአንድ አፍታም አላሰበችም። እኔም አላሰብኩም።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ደምሴ ነበሩ፣ አማራት ያለ አንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ። የቀሩት ሁለቱ፣ አንዱ ጋራዥ ያላቸው፣ ሌላው የጨርቅ ነጋዴ። በዚያ ሙቀት ኮት ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው መጡ። ቢሮውን የማሳየው እኔ ስለነበርኩ አብሬ ሄድኩና መስኮቱ ሥር ቆሜ አየሁ። ሦስቱም በሩ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ሙዲሩ ደንግጦ ብድግ አለ። ተቀመጡ ቢላቸው ጋሽ ደምሴ በጁባ አረብኛና በእንግሊዝኛ እያዳቀሉ፣ የመጣንበት ጉዳይ እሺ ካልተባለ አንቀመጥም አሉት። ከዚያ የኛዳክን ስም ጠሩ፤ ሁለት ጊዜ ነው የጠሩት፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ትፈተን፣ ብትወድቅም ውድቀቱ የሷ ይሁን አሉ።

ሙዲሩ ኮት የለበሱ ሦስት ሰዎች በሩ ላይ አንገት ደፍተው ሲቆሙ አይቶ አያውቅም መሰለኝ፣ የሚገባበት ጠፋው። «አይዋ፣ አይዋ፣ አዎ አዎ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አለ፤ ወንበር ሳበላቸው፣ ከበሩ ውጪ ከምትሸጠው ሴትም ሻይ አስመጣ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በኛ ደንብ አማላጅ ጉዳዩ ሳያልቅ ውሃ እንኳ አይቀምስም፤ ከተቀመጠና ከጠጣ ግን ነገሩ አልቋል፣ ተመልሶ መነካካት ነውር ነው። ጋሽ ደምሴ ተቀመጡ። ብርጭቆውን አንስተው ፉት አሉ። እኔ ከመስኮቱ ሥር ሮጬ ኛዳክ ጋ ሄድኩና «ጠጡ» አልኳት። ጋምቤላ ሐበሻ ቤት የሠራች ናትና ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ሦስታችንም፣ እናቴም፣ ኛዳክም፣ እኔም፣ ከዚያ በኋላ አልጠየቅንም። ጠጥተው የወጡትን ነገር መጠየቅ ሽማግሌዎቹን ማዋረድ ነው። ኛዳክ ከዛፉ ሥር ሆና በተረፋት ወረቀት ሁሉ መክበብ ትለማመድ ጀመር። ማታ ማታ ምግብ ቤታችን ስትመጣ እኔ አስጠናት ነበር። የዝናቡ ጥያቄ ሲመጣ ወረቀቱ የሚለውን ወር ከበበች። «በቃ ተሸነፍኩ» አለችና ሳቀች። እኔም ደስ አለኝ፣ እናቴም አጨበጨበች። ዛሬ ሳስበው ከዚያ ዓመት ሁሉ የከፋው ያ ጭብጨባ ይመስለኛል።

የፈተና መግቢያ ካርድ የታደለ ቀን የኒሙ ዛፍ ሥር ያሉትም በሩ ላይ ተደርድረው ቆሙ። ኡስታዝ ላዶ ስም እየጠራ ካርድ ይሰጣል። ኛዳክ ፀጉሯን በአዲስ መልክ ተሠርታ፣ ሸሚዟን ካውያ አስመትታ መጥታለች። የመጨረሻው ካርድ ተሰጠ። ኡስታዝ ላዶ እጁ ባዶ ሲሆን ቀና ብሎ አላያትም። «የኔስ?» አለችው። ጠመኔውን ከጠረጴዛው አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ስሟ አልተላከም፣ ምዝገባውም ከተዘጋ ቆየ አላት። ሽማግሌዎቹስ ስንለው ግራ ተጋብቶ አየን። ሙዲሩ ለመምህራኑ የነገራቸው ሌላ ነው፤ ሐበሾች ጨዋ ሕዝብ ናቸው፣ ልጃቸውን ስላስተማርኩላቸው ሊያመሰግኑኝ መጥተው ሻይ ጋበዝኳቸው ብሏቸዋል።

ጋሽ ደምሴ ሲሰሙ ኮታቸውን ሳይለብሱ እየበረሩ ሄዱ። ሙዲሩ ግን በአገሬ እንግዳን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ነው፣ ሻይ ያጠጣሁት ለክብራችሁ ነው አላቸው። ማሌሽ፣ አይክፋችሁ አላቸው። ጋሽ ደምሴ ሲመለሱ ምግብ ቤታችን በር ላይ ቁጭ ብለው «ፊደል የቆጠረ ሰው አታለለኝ» እያሉ ደጋገሙ። እኔ ዛሬም ድረስ ሙዲሩ አልገባውም ለማለት ይከብደኛል። ስሟን ሁለት ጊዜ ሰምቷል። ሻዩን ያስመጣው እምቢ ላለማለት ነው፤ እኛ ደግሞ ሻዩን ቃል ነው ብለን ጠጣነው።

ፈተናው የሚሰጠው ራቅ ያለ ሌላ ትምህርት ቤት ነበር። እናቴ ምግብ ቤቱን ጥላ መሄድ ስላልቻለች ያደረሰችኝ ኛዳክ ናት። ክሊኒኩን አስፈቅዳ፣ የደንብ ልብሷን ለብሳ መጣች። ለምን እንደለበሰችው አልጠየቅኳትም። እርሳሶቼን እሷ ይዛ፣ አቧራው ላይ ጎን ለጎን ሄድን፤ በሩ ላይ ዘበኛው ካርድ ጠየቀ። እኔ አሳየሁ። እሷን «ወላጅ እዚህ ይቆያል» አላት። እርሳሶቼን ሰጠችኝና አጥሩ ሥር ተቀመጠች።

ስለ ፈተናው የምጽፈው ብዙ የለኝም። ሥራው ያው መክበብ ነበር። ከተቀመጥኩበት መስኮት አጥሩና ሰማያዊ ሸሚዟ ይታየኝ ነበር። እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ እሷ ምን ትል እንደነበር እያሰብኩ የማትለውን ከበብኩ። ስወጣ «ከበደ?» አለችኝ። «አልከበደም» አልኳት፤ እውነቴን ነበር፣ እውነቴን መሆኑም አበሳጨኝ።

ውጤቱ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ፍየል አረደ። ኒሙ ሥር ወንበር ተደረደረ፣ ድምፅ ማጉያ ተከራዩ፣ ለስላሳ በበረዶ ሳጥን መጣ። ያለፍነው አግዳሚ ላይ በተርታ ተቀመጥን። ከኛ ትምህርት ቤት የተፈተነ ሁሉ አልፎ ነበር። እናቴ «አልሄድም» ብላ ቀረች። ኛዳክ ግን መጣች። ቀሚሷን አጥባ፣ ያንኑ ደንብ ልብስ ለብሳ። ስሜ ሲጠራ እንደኛ አገር ሴት እልል ያለችው እሷ ብቻ ናት፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ሙዲሩ እልልታውን ሰምቶ ፈገግ ብሎ ወደሷ መጣ። እጇን ጨበጣትና እንኳን ደስ ያለሽ፣ የማን እናት ነሽ ብሎ በአረብኛ ጠየቃት። ስንት ወር ዛፉ ሥር አስቀምጧት አላወቃትም። ወይም አላውቅም አለ። ለእናትየው ወንበር አምጡ ብሎ አዘዘ። ኛዳክ የማንም እናት ሆኜ አልመጣሁም፣ ተማሪህ ነኝ አለችው። ሰውየው እጁን ከእጇ ቀስ ብሎ አወጣ። ቀዝቃዛ ለስላሳ አንስቶ ሰጣት።

አልተቀበለችውም። ወንበሩንም አልፋ እኛ ወዳለንበት አግዳሚ መጣች። ጠጋ ጠጋ አልንላትና ከጎኔ ተቀመጠች። ሙዲሩ ወደ ድምፅ ማጉያው ተመልሶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት አንድም የወደቀ ተማሪ የለም ሲል ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ኛዳክ ወደኔ ዘንበል ብላ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች።

«እውነቱን ነው» አለችኝ በአማርኛ። «እኔም አልወደቅሁም። ማንም አልጠየቀኝም።»